ዋሽንግተን፦ የአንድ እርሻ ስም ጉዞ

ዋሽንግተን የሚለው ስም የተወለደው በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ከዊር ወንዝ በስተ ሰሜን፣ ለኒውካስልና ለሰንደርላንድ ከተሞች ቅርብ በሆነ መንደር ነው። የቦታ ስሞችን የሚያጠኑ ሊቃውንት እንደሚተነትኑት ስሙ ከሦስት የጥንታዊ እንግሊዝኛ ክፍሎች የተገጣጠመ ነው፤ የመጀመሪያው ህዋሳ የሚባል ሰው ስም ነው፤ መካከለኛው «ኢንግ» የእገሌ መሆንን ያመለክታል፤ የመጨረሻው «ቱን» ደግሞ በጥንት ጊዜ የታጠረ ግቢን፣ እየቆየም እርሻንና የእርሻ መንደርን የሚገልጽ ቃል ነው። ስለዚህ ዋሽንግተን ማለት የህዋሳ እርሻ ማለት ነው። ኒውተን፣ ዌሊንግተን እያልን የምንጠራቸው ስሞች መድረሻም ይኸው ቃል ሲሆን፣ ኒውተን «አዲሱ እርሻ» እንደ ማለት ነው። (በደቡብ እንግሊዝ በሰሴክስም ሌላ ዋሽንግተን የሚባል መንደር አለ፤ የእኔ ነገር ግን ስለ ሰሜኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የምኖረው በቨርጂኒያ፣ በአሌክሳንድሪያ ነው። የፖቶማክን ወንዝ ዳር ይዞ ወደ ደቡብ ለሚነዳ ሰው የጆርጅ ዋሽንግተን ርስት የነበረው ማውንት ቨርነን ሩቅ አይደለም፤ ወደ ሰሜን ሄዶ ድልድዩን ለሚሻገር ደግሞ የእኛ ሰው ዲሲ ብቻ እያለ የሚጠራት፣ ብዙዎቻችን ታክሲ የነዳንባትና ምግብ ቤት የከፈትንባት ከተማ አለች። ሁለቱን የሚያገናኘው መንገድ ራሱ በዚሁ ሰው ስም የተሰየመ ነው። በዙሪያዬ እንዲህ የሞላው ስም ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ማንበብ ስጀምር የጠበቅሁት የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ነበር። ያገኘሁት ግን ከዚያ የሰፋ ሆነ። የመሬት ባለቤትነትን ለመግለጽ የተጀመረው ይህ ስም፣ ዛሬ በአብዛኛው የሚገኘው አያት ቅድመ አያቶቻቸው መሬት ሊኖራቸው ቀርቶ ራሳቸው እንደ ንብረት ተቆጥረው በተሸጡ ሰዎች ዘሮች ዘንድ ነው። ይህን ጉዞ ሳይናገሩ ትርጉሙ የህዋሳ እርሻ ነው ብሎ ማለፍ፣ የስሙን ትልቁን ክፍል መተው ይመስለኛል።

ከ1066 በፊት በእንግሊዝ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም አልተለመደም ነበር። በዚያ ዓመት ኖርማኖች ከፈረንሳይ ተሻግረው ሀገሪቱን ሲይዙ፣ መሳፍንቶቻቸው በሚያስተዳድሩት ርስት ስም የመጠራትን ልማድ ይዘው መጡ። ልማዱ ቀስ በቀስ ወደ ታች ወርዶ ወደ ከተሜው፣ ወደ እጅ ባለሙያውና ወደ ገበሬው ደረሰ፤ ሁሉንም ለማዳረስም ከሦስት መቶ ዓመታት ያላነሰ ጊዜ ወሰደ። የቦታ ስም የሰው ስም የሚሆነው በሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው የቦታው ጌታ በመሆን ነው። ሁለተኛው ቦታውን ለቆ በመሄድ ነው፤ በገዛ መንደሩ የሚኖርን ገበሬ ጎረቤቶቹ በመንደሩ ስም ሊለዩት አይችሉም፤ ሁሉም የዚያው መንደር ሰዎች ናቸውና። ያ ገበሬ ወደ ሌላ አገር ሲሰደድ ግን የመጣበት ስፍራ መለያው ይሆናል። እንግዲህ በሁለተኛው መንገድ የመጣ የቦታ ስም ያለው እንግሊዛዊ ሁሉ፣ አንድ ሩቅ አያቱ ስደተኛ እንደ ነበር ስሙ ይመሰክርበታል ማለት ነው። በእንግሊዝ የምትገኘው የሊንከን ከተማ ስም የቤተሰብ ስም የሆነላቸው ብዙ ሰዎች ሊንከንን የለቀቁ ሰዎች ልጆች ናቸው። የአብርሃም ሊንከን ቅድመ አያት ሳሙኤል ሊንከንም በ1637 ወደ አሜሪካ የተሻገረው ከሊንከን ሳይሆን ከኖርፎክ አውራጃ ነው።

የዋሽንግተን ስም ግን በመጀመሪያው መንገድ፣ በጌትነት በኩል የመጣ ነው። በ1183 የደርሃም ጳጳስ ሂው ዱ ፒዩሴ በግዛታቸው ያለውን መሬትና ከየመሬቱ የሚገባውን ግብር አስቆጥረው አጻፉ፤ ይህ መዝገብ የቦልደን መዝገብ ይባላል። በመዝገቡ ውስጥ ዊሊያም የሚባል ባላባት አለ። የተጻፈው ዊሊያም ዘሀርትበርን ተብሎ ነው፤ ይዞት የነበረው መሬት ሀርትበርን ነበርና። ይህን መሬቱን ለጳጳሱ መልሶ በምትኩ ዋሽንግተንን ወሰደ። ግዴታውም ተዘርዝሯል፤ በየዓመቱ አራት ፓውንድ ይከፍላል፤ ጳጳሱ ለታላቁ አደን ሲወጡም አራት ፈጣን አዳኝ ውሾች ይዞ ይከተላል። የእኛን የጉልት ሥርዓት ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ መሬቱ የሚሰጠው ለአገልግሎት ነው፤ አገልግሎቱም እስከ ውሾቹ ቁጥር ድረስ ተለክቶ ይጻፋል።

ዊሊያም መሬቱን ሲለውጥ ስሙም አብሮ ተለወጠ፤ ከዚያ በኋላ ዊሊያም ዘዌሲንግተን ተባለ፤ ዌሲንግተን የዋሽንግተን የዚያ ዘመን አጻጻፍ ነው። ስሙ የዊሊያም ደምና ሥጋ አልነበረም፤ የይዞታው ምልክት ነበር። ኖርማኖች በሰውየውና በቦታው መካከል ያስገቡት የነበረውን «ደ» የሚል ቃል እዚህ በግዕዙ «ዘ» የተካሁት በምክንያት ነው። አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ፣ አባ ኢየሱስ ሞአ ዘሐይቅ ስንል የምናደርገው ይህንኑ ነው። ነገር ግን የእኛ ቅዱሳን በቦታ የተጠሩት ስለጸለዩበትና ስላስተማሩበት እንጂ ስለገዙት አልነበረም፤ ልጅም ስላልነበራቸው ዘጋስጫ የሚለው መጠሪያ ለወራሽ ሳይተላለፍ የእርሳቸው ብቻ ሆኖ ቀረ።

የዊሊያም ዘሮች ግን ስሙን ያዙ። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ወደ ላንካሽየር ሄዱ፤ አዲስ መሬት ሲይዙም እንደ ዊሊያም ስማቸውን በአዲሱ መሬት አልለወጡም፤ ዋሽንግተን እንደሆኑ ቀጠሉ። እዚህ ላይ ነው ስሙ ከመሬቱ ተላቅቆ ከሰው ጋር የተጣበቀው። ከ1416 እስከ 1446 የደርሃም ካቴድራል ገዳም አለቃ የነበሩት ጆን ዌሲንግተን በትውልድ መንደራቸው አካባቢ ስሙን ያስከበሩ ሰው ናቸው። የመንደሩ ርስት ግን ወንድ ወራሽ በማጣት በጋብቻ ወደ ሌላ ቤተሰብ አለፈ። ዋሽንግተን የሚባሉ ሰዎች ዋሽንግተን የሚባለውን ቦታ ካጡ በኋላም በስሙ እየተጠሩ ኖሩ።

ይህ የመቆራረጥ ጊዜ ለእንግሊዞቹ ትውልዶችን የፈጀ ነው። ለእኛ ለስደተኞቹ ግን በአንድ ቅጽ ላይ ያልቃል። ኢትዮጵያዊ ሰው የራሱ ስም፣ የአባቱ ስም፣ የአያቱ ስም አለው፤ በየትውልዱ አንዱ ከኋላ እየወደቀ ሌላው ከፊት እየተጨመረ ይሄዳል። የቪዛው ቅጽ «ላስት ኔም» ብሎ ሲጠይቅ የአባታችንን ወይም የአያታችንን ስም እንጽፋለን፤ እዚህ የሚወለዱ ልጆቻችንም በዚያው ስም ይመዘገባሉ። ገና ከሀገራቸው ወጥተው የማያውቁ አንድ አያት፣ በማያውቁት ሀገር ለሚወለዱ ትውልዶች ሁሉ የነገድ አባት ሆነው ይቀራሉ። በማኅበራችን መካከል ይህን የሚቃወሙና ልጃቸውን በራሳቸው ስም የሚያስመዘግቡ ወላጆች አሉ፤ ምክንያታቸውንም አከብራለሁ። እኔ ግን ልጆቼ በአባቴ ስም እንዲጠሩ ወስኛለሁ፤ ስሙ በእርሳቸው ላይ ቆሞ መቅረቱ አያሳዝነኝም።

ወደ ዋሽንግተኖቹ ልመለስ። ከላንካሽየሩ ቤተሰብ የተወለደው ሎውረንስ ዋሽንግተን የሱፍ ነጋዴ ሆኖ በለጸገ፤ የኖርዝሃምፕተን ከተማ ከንቲባም ሆነ። ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ገዳማትን ዘግቶ መሬታቸውን ሲሸጥ፣ ሎውረንስ በ1539 ሰልግሬቭ የሚባለውን ርስት ከዘውዱ ገዛና ቤት ሠራበት። በቤቱ መግቢያ በር ላይ የቤተሰቡ ዓርማ ተቀርጿል፤ ሁለት አግድም መስመሮችና ከበላያቸው የተደረደሩ ሦስት ኮከቦች ናቸው። ይህን ዓርማ ዲሲ የሚኖር አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል። በነጭ መደብ ላይ ሁለት ቀይ መስመርና ሦስት ቀይ ኮከብ ያለው የከተማዋ ሰንደቅ ዓላማ በ1938 የጸደቀው ከዚሁ ተወስዶ ነው። በዲሲ መኪናዎች ሰሌዳ ላይ በፊደሎቹና በቁጥሮቹ መካከል ያለችው ትንሽ ምልክትም እርሷው ናት። ስንቱ ወገናችን ከፊቱ ያለውን መኪና እየተከተለ ይህን የባላባት ዓርማ ሲያይ እንደሚውል ሳስብ ይደንቀኛል።

ሀብቱ ግን አልዘለቀም። የሎውረንስ የልጅ ልጅ ልጅ የሆኑት፣ በስምም ሎውረንስ የሚባሉት ቄስ፣ በኤሴክስ አውራጃ የፐርሊ ደብር አስተዳዳሪ ነበሩ። ንጉሡና ፓርላማው በተዋጉበት በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ በ1643፣ ፓርላማውን የደገፉት ወገኖች መጠጥ ያበዛሉ ብለው ከሥራቸው አባረሯቸው። የንጉሡ ደጋፊ መሆናቸው ለመባረራቸው ዋናው ምክንያት እንደ ነበር ብዙዎች ያምናሉ። ልጃቸው ጆን በድህነት አደገ፤ ትንባሆ ለመጫን ወደ ቨርጂኒያ በምትሄድ መርከብ ተቀጠረ። መርከቧ በ1657 መጀመሪያ በፖቶማክ ወንዝ አሸዋ ላይ ተቀርቅራ ሰጠመች፤ ጆንም ለማውጣት ሲደክም ቆይቶ እዚያው ቀረ፤ የአንድ ባለርስት ልጅም አገባ። የዚህ ሰው የልጅ ልጅ ልጅ ጆርጅ በ1732 ተወለደ።

ጆርጅ ዋሽንግተን ራሱ ስለ ስሙ ምንጭ የነበረው ዕውቀት ጥቂት ነበር። ፕሬዚዳንት ሳለ የእንግሊዝ ዓርማዎች ዋና ሹም የነበሩት ሰር አይዛክ ሄርድ የዘር ሐረጉን በደብዳቤ ጠየቁት። በ1792 በሰጠው መልስ ለጉዳዩ የሰጠው ትኩረት በጣም ጥቂት እንደሆነ ገለጸ፤ አያቶቹ ከሰሜን እንግሊዝ መምጣታቸውን እንደሚያውቅ፣ ከላንካሽየር ይሁን ከዮርክሽየር ወይም ከዚያም ወደ ሰሜን ካለ አውራጃ ግን በትክክል እንደማያስታውስ ጻፈ። ይህ ደብዳቤ ሲጻፍ ስሙ ወደ ቦታ መመለስ ጀምሮ ነበር፤ አዲሲቱን ዋና ከተማ እንዲያሠሩ የተሾሙት ኮሚሽነሮች በ1791 በእርሱ ስም ሰይመዋት ነበርና። በኋላም በ1889 በምዕራቡ ዳርቻ አንድ ሙሉ ግዛት በዚሁ ስም የአሜሪካ አባል ሆነ።

ማውንት ቨርነን የሚለው ስምም እንዲሁ ነው። የጆርጅ ታላቅ ወንድም ሎውረንስ ርስቱን በስማቸው የሰየመው አድሚራል ኤድዋርድ ቨርነን በ1741 በደቡብ አሜሪካዋ ከተማ በካርታሄና ላይ በተደረገው ዘመቻ አዛዡ ስለነበሩ ነው፤ ቨርነን ደግሞ በኖርማንዲ፣ በሴን ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ስም ነው። የፈረንሳይ ከተማ ስም እንግሊዛዊ ቤተሰብ ላይ አርፎ፣ ከቤተሰቡም ተነሥቶ በቨርጂኒያ ኮረብታ ላይ ተቀመጠ።

በዚህ ኮረብታ ጆርጅ ዋሽንግተን በ1799፣ በሞተበት ዓመት፣ በርስቱ ላይ ያሉትን ባሪያዎች ዝርዝር በእጁ ጻፈ። 317 ሰዎች ነበሩ። ከእነዚህ 123ቱ የራሱ ሲሆኑ የቀሩት የሚበዙት ሚስቱ ማርታ ከሟች ባሏ ርስት በድርሻ ያመጣቻቸው ነበሩ። በዝርዝሩ ውስጥ ለአብዛኞቹ የተጻፈው የመጀመሪያ ስማቸው ብቻ ነው። በሕግ ቤተሰብ የላቸውም ነበርና የቤተሰብ ስም እንዲኖራቸው አይጠበቅም ነበር። ነገር ግን ጌቶቻቸው ባይጽፉትም እርስ በርሳቸው የሚጠራሩበት ስም ነበራቸው፤ ይህንንም በአንድ ቦታ በግልጽ እናየዋለን። ዋሽንግተን በኑዛዜው በስም ጠርቶ ወዲያውኑ ነጻ ያወጣው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ዘመን ሁሉ ከጎኑ ያልተለየውን አገልጋዩን ዊሊያምን። ስሙን ሲጽፍ በቅንፍ ውስጥ «ራሱን ዊሊያም ሊ ብሎ የሚጠራ» የሚል አስገባ። ዊሊያም በ1768 የተገዛው ከሊ ቤተሰብ ነበር። ሊ ደግሞ ከቦታ የመጣ የእንግሊዝ ስም ሲሆን በጫካ መካከል የተመነጠረን ሜዳ ያመለክታል። ያች በቅንፍ ያለች ሐረግ ለእኔ ከኑዛዜው ሁሉ የበለጠ ታስደንቀኛለች። ጌታው ስሙን እንዳልሰጠው ያምናል፤ ሰውየው ግን ራሱን በዚህ ስም ሲጠራ ኖሮ በመጨረሻ በሕጋዊ ሰነድ ላይ አስጻፈው።

ዋሽንግተን የሚለውን ስም ራሱን ይዞ የወጣ ሰውም አለ። ሃሪ በጋምቢያ ወንዝ አካባቢ ተወልዶ በባርነት ወደ ቨርጂኒያ የመጣና በማውንት ቨርነን የሠራ ሰው ነው። የነጻነቱ ጦርነት ሲጀመር፣ እንግሊዞች ከአመፀኞች ጌቶቹ ሸሽቶ ለሚመጣ ባሪያ ሁሉ ነጻነት እንሰጣለን ባሉ ጊዜ አምልጦ ወደ እነርሱ ገባ። በ1783 እንግሊዞች ከኒውዮርክ ሲወጡ በመርከብ የወሰዷቸውን ጥቁሮች በመዝገብ ጻፏቸው፤ በዚያ መዝገብ ሃሪ ዋሽንግተን፣ ዕድሜው 43፣ የጄኔራል ዋሽንግተን ንብረት የነበረ፣ ከሰባት ዓመት በፊት ጥሎት የሄደ ተብሎ ይገኛል። መጀመሪያ ከሰፈረባት ከኖቫ ስኮሺያ፣ ከዛሬዋ ካናዳ ምድር፣ ወደ ሴራሊዮን ተሻገረ። በ1800 ሰፋሪዎቹ ቅኝ ግዛቱን ያስተዳድር የነበረው የእንግሊዝ ኩባንያ ባስከፈላቸው የመሬት ግብር ምክንያት ሲያምፁ ከአመፁ ሰዎች አንዱ ሆኖ ከፍሪታውን ተባረረ። የመሬት ግብር! አራት ፓውንድና አራት ውሾች ከተጻፉበት መዝገብ ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ፣ በአፍሪካ ዳርቻ፣ ያው ስም ያለው ሰው በመሬት ግብር ሰበብ ተቀጣ።

ዛሬ ስሙን የሚሸከሙት እነማን እንደ ሆኑ የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ይናገራል። በ2000 ቆጠራ ዋሽንግተን የሚል የቤተሰብ ስም ያላቸው ከ163 ሺህ በላይ ሰዎች ተመዝግበዋል፤ ከእነዚህም ከመቶ ዘጠና የሚሆኑት ጥቁሮች ናቸው። ጆርጅ ዋሽንግተን ልጅ አልወለደም። በኑዛዜው መሠረት ወዲያውኑም ሆነ ቆይተው ነጻ የወጡትም 123 ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ይህን ያህል ሕዝብ ከማውንት ቨርነን ወጣ ማለት አይቻልም። የሚበዙት ስሙን ያገኙት ከባርነት በወጡ ጊዜ ራሳቸው በመምረጥ ነው። አንዳንዶች የጌታን ስም መያዝ የባርነትን ምልክት መያዝ ነው ይላሉ፤ ኀዘናቸው ይገባኛል። ነገር ግን ጌቶቻቸው ሌላ ስም ያላቸው ሰዎች ከሀገሪቱ ስሞች ሁሉ ይህን ሲመርጡ የመረጡት የሀገሪቱን አባትነት ይመስለኛል፤ ይህች ሀገር የእኛም ናት የሚል የባለቤትነት ቃል ነው።

በማውንት ቨርነን የባሪያዎቹ መቃብር ባለበት ጫካ፣ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንጻ ተማሪዎች የነደፉት በ1983 የቆመ መታሰቢያ አለ። መካከሉ ላይ ሳይጨረስ የተቆረጠ ግራጫ የድንጋይ ዓምድ ቆሟል፤ ወደ እርሱ በሚያወጡት ደረጃዎች ላይም እምነት፣ ተስፋ፣ ፍቅር የሚሉ ቃላት ተቀርጸዋል። በመታሰቢያው ዙሪያ በስም የሚታወቅ የግል መቃብር የለም። ልጆቼን ወደዚያ የወሰድኳቸው ከትልቁ ቤት በፊት ይህን እንዲያዩ ብዬ ነው።

ስሙን በመምረጥ ረገድ በራሱ ቃል የመሰከረልን ሰው ታዋቂው ጥቁር አሜሪካዊ መምህር ቡከር ዋሽንግተን ነው። በ1856 በቨርጂኒያ በባርነት ተወለደ፤ ባርነትን ካስቀረው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ከእናቱ ጋር ወደ ዌስት ቨርጂኒያ ማልደን ሄደ። የእንጀራ አባቱ የመጀመሪያ ስም ዋሽንግተን ነበር። ትምህርት ቤት ሲገባ መምህሩ ስም ሲጠሩ ልጆቹ ሁሉ ቢያንስ ሁለት ሁለት ስም እንዳላቸው ሰማ፤ እርሱ ግን ቡከር ከመባል ሌላ ስም አልነበረውም። ተራው እስኪደርስ አሰበና፣ ሲጠየቅ ዕድሜውን ሁሉ በዚያ ስም እንደ ተጠራ ሰው ተረጋግቶ ቡከር ዋሽንግተን ነኝ አለ። በኋላ እናቱ ሲወለድ ታሊያፌሮ የሚል ስም ጨምራለት እንደ ነበር ሲያውቅ፣ እናቱ ያወጣችለትን ስም ከመካከል አገባው፤ ራሱ የመረጠውን ግን ከቦታው አላነሣውም። በ1881 በአላባማ የተስኪጊን ትምህርት ቤት የመሠረተው በዚህ ስም ነው። ሴት ልጁ ፖርሻ፣ ወንዶቹ ልጆቹ ቡከርና ኧርነስትም ከአባታቸው ወርሰው ዋሽንግተን ተባሉ።